የወጪ ጣሪያው ማንን ይጫናል?



በዚህ ንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኖቬምበር 2016፣ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ሊያልቅ ሲል፣ ብራዚል ኢንተርላጎስ ላይ ዶፍ ወረደ። መኪኖች እየተንሸራተቱ ከግድግዳ ጋር ተላተሙ፤ ውድድሩ ሁለት ጊዜ በቀይ ባንዲራ ቆመ። አንደኛ የወጣው ሉዊስ ሃሚልተን ነው። ዓለም በማግስቱ ያወራው ስለ እሱና ከኋላ ተነሥቶ ሦስተኛ ስለወጣው ስለ ወጣቱ ማክስ ቨርስታፐን ነበር። እኔ ግን ዘጠነኛ ስለወጣው ልንገራችሁ። ፌሊፔ ናስር ይባላል፤ የአገሩ ልጅ ነው፤ የሚነዳው የሳውበርን መኪና ነበር። ዘጠነኛ ደረጃ ሁለት ነጥብ ያስገኛል። እስከዚያች ዕለት ድረስ ማኖር የተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ቡድን በአንዲት ነጥብ አሥረኛ ደረጃን ይዞ ነበር። ናስር ሲገባ ማኖር ወደ አሥራ አንደኛ ወረደ። ዋናው የሽልማት ገንዘብ ደግሞ ከአሥረኛ በታች ላለ ቡድን አይከፈልም ነበር። በጃንዋሪ 2017 ማኖር ተዘጋ፤ ከ200 የሚበልጡ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ተሸኙ።

ይኸው ቡድን ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል። በ2014፣ ስሙ ማሩሲያ በነበረበት ጊዜ፣ ዡል ቢያንኪ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት በሞናኮ ጠባብ መንገዶች ላይ ዘጠነኛ ወጥቶ የቡድኑን የመጀመሪያ ሁለት ነጥብ አመጣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጃፓን ሱዙካ ላይ፣ በዝናብ፣ የተበላሸ መኪና ሊያነሣ ከገባ ማሽን ጋር ተጋጨ፤ በቀጣዩ ዓመት በጁላይ አረፈ። ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡድኑ የሚከፍለው አጣና ወደ 200 የሚጠጋ ሠራተኛ ተበተነ። በ2015 ቡድኑ ነፍስ ዘርቶ ወደ ውድድሩ ሊመለስ የቻለው ልጁ በሞናኮ ያመጣት ሁለት ነጥብ የዘጠነኛ ደረጃ ክፍያ ስላስገኘች ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቡድን በ2010 ወደ ፎርሙላ ዋን የገባው የወጪ ጣሪያ ሊደረግ ነው ተብሎ ቃል ስለተገባለት ነው። ቃሉ ታጠፈ። ጣሪያው የመጣው በ2021 ነው፤ በመሀሉ የነበሩትን ሰዎች ዘመኑ በላቸው።

እኔ የወጪ ጣሪያ ደጋፊ ነኝ፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ዛሬ ግን ልትታዘቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ የጣሪያው መስመር ሲሰመር የማን ደመወዝ ከመስመሩ ውስጥ፣ የማን ደመወዝ ከመስመሩ ውጭ እንደቀረ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 2008 መመለስ ያስፈልጋል። የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመታ ሆንዳ በዲሴምበር ከውድድሩ ወጣ። ቡድኑን ሥራ አስኪያጁ ሮስ ብራውን በአንድ ፓውንድ ገዛው። ያቺ በሆንዳ ገንዘብ የተጀመረች መኪና ብራውን ጂፒ በሚል ስም ወጣችና ጄንሰን በተን በ2009 ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈባት። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም አላሸነፈም። ለምን? ብራውን መኪናዋን በየጊዜው የሚያሻሽልበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ከ200 በላይ ሠራተኛም አሰናብቷል። ሌሎቹ በየሳምንቱ አዲስ ክንፍ፣ አዲስ የመኪና ወለል ያመጣሉ። በተን ዋንጫውን ያነሣው መጀመሪያ ላይ ባጠራቀመው ነጥብ ነው። ገንዘብ በዚህ ስፖርት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት የምፈልግ ሰው ብሆን ከየትኛውም የሂሳብ ሰነድ በፊት የዚያን ዓመት የውጤት ሠንጠረዥ አነብ ነበር።

በዚያው ዘመን ቶዮታ አለ። ከ2002 እስከ 2009 ድረስ ለስምንት ዓመት ከማንም የማያንስ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ጀርመን ኮሎኝ ላይ ድንቅ የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሠራ፤ አንድ ውድድር እንኳ ሳያሸንፍ ወጣ። ቢኤምደብሊውም በዚያው ዓመት ወጣ። እንግዲህ ገንዘብ ያለው ሁሉ አያሸንፍም፤ ገንዘብ የሌለው ግን ቢያሸንፍም አይዘልቅም።

የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ የኤፍ አይ ኤ፣ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማክስ ሞዝሊ በ2009 የጸደይ ወራት በዓመት 30 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ጣሪያ አቀረቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ 40 ሚሊዮን አደረጉት። ጣሪያውን በፈቃዱ ለተቀበለ ቡድን ሰፋ ያለ የቴክኒክ ነጻነት ይሰጠዋል፤ ያልተቀበለው በጥብቁ ደንብ ይወዳደራል። ይህ ስሕተት ነበር፤ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሕግ ማለት ነውና። ፌራሪ ፓሪስ ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ ጠየቀ፤ ተቀባይነት አላገኘም። በጁን፣ በሲልቨርስቶን ውድድር ሰሞን፣ ፌራሪንና ማክላረንን ጨምሮ ስምንት ቡድኖች ተገንጥለን የራሳችንን ሻምፒዮና እናቋቁማለን ብለው አወጁ። ከቀናት በኋላ ስምምነት ተደረገ፤ ሞዝሊ ዳግም ላለመወዳደር ተስማሙ፤ ጣሪያው ቀረ። በምትኩ ቡድኖቹ እርስ በርሳቸው ወጪ ለመቀነስ ቃል ተገባቡ፤ ዳኛ የሌለው ቃል ነበርና ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈረሰ። ጣሪያውን አምነው የገቡት ሦስት አዳዲስ ቡድኖች ግን በ2010 መስመር ላይ ቆመው ነበር። የስፔኑ ኤች አር ቲ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ሎተስ ተብሎ የጀመረው ካተርሃም በ2014 ከሰረ፤ ለመጨረሻዋ የአቡ ዳቢ ውድድር የሚሆን ገንዘብ ከሕዝብ በመዋጮ ለምኖ ተወዳደረ። የሦስተኛውን ነግሬያችኋለሁ።

በአገራችን በየአካባቢው ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሠርግና የተዝካር ወጪ ከዚህ አይለፍ ብለው መተዳደሪያ ሲያወጡ አይታችሁ ይሆናል። ድሃውም ሀብታሙም ድግሱ እንደሚያከስረው ያውቃል፤ ግን ብቻውን ቀንሶ በሰው ፊት ማነስን ማንም አይደፍርም፤ ሁሉም አብሮ ሲቀንስ ብቻ ነው እፎይ የሚለው። የፎርሙላ ዋን ባለቤቶችም ከዚህ የተለየ ችግር አልነበረባቸውም። ትልልቆቹ ቡድኖች በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጡ እንደነበር በሰፊው ይገመታል። የአንዱ መቶ መሐንዲስ መቅጠር ሌላውን መቶ ሃያ ያስቀጥራል፤ ትርፉ በአንድ ዙር የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ እሷንም በሚቀጥለው ወር ሌላው ይወስዳታል።

ጣሪያው በደንብ መልክ የወጣው በኦክቶበር 2019 ነው፤ ልኩ 175 ሚሊዮን ዶላር፣ መነሻው 2021 ተባለ። በመሀል ኮሮና መጣ። በማርች 2020 የሜልበርን ውድድር የመጀመሪያው ልምምድ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ተሰረዘ፤ ገቢው ሁሉ ቆመ። ያን ጊዜ ትልልቆቹም ቢሆኑ ፈሩ። በሜይ ልኩ ለ2021 ወደ 145 ሚሊዮን ወረደ፤ ለ2022 ደግሞ 140፣ ለ2023 135 ሚሊዮን ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በክርክር ያልተገኘው ዝቅ ያለ ልክ በሁለት ወር ድንጋጤ ተገኘ።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ። ቡድኑ መኪናዋን ለመንደፍ፣ ለመሥራት፣ ለማወዳደር የሚያወጣው ገንዘብ ይቆጠራል። የነጂዎች ክፍያ አይቆጠርም። ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኙት የሦስት ሰዎች ደመወዝ አይቆጠርም። የማስታወቂያ ወጪም አይቆጠርም፤ ሞተር የራሱ የተለየ ጣሪያ አለው። ቡድኖቹ ሂሳባቸውን በየዓመቱ እስከ ማርች መጨረሻ ያስገባሉ፤ ኤፍ አይ ኤ ይመረምራል።

ጣሪያው በትራኩ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ያየነው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። በ2021 ኢሞላ ላይ የመርሴዲሱ ቫልተሪ ቦታስና የዊሊያምሱ ጆርጅ ራስል በከፍተኛ ፍጥነት ተጋጩ። የካርቦን ፋይበር ስብርባሪ በሣሩ ላይ ተበታተነ። ድሮ ቢሆን መርሴዲስ ማታውኑ ሌላ ያሠራና ይረሳው ነበር። ያን ቀን ግን አለቃው ቶቶ ቮልፍ ጉዳቱ ለማሻሻያ ከያዝነው ገንዘብ ላይ ሊወስድብን ይችላል ብሎ ተናገረ። ከሁሉም ቡድን ሀብታሙ ለተሰበረ መኪና ሲጨነቅ መስማት በእውነቱ ደስ አሰኝቶኛል። ትንንሾቹ ያን ጭንቀት ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል።

ክርክሩ የጋለው በ2022 ነው። በኦክቶበር የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት ሲወጣ ሬድ ቡል የ2021ን ጣሪያ ማለፉ ታወቀ። ያለፈበት ልክ 1.86 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከጣሪያው 1.6 በመቶ ነው፤ አንድ የግብር ተመላሽ በትክክል ተይዞ ቢሆን ኖሮ 0.37 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር ኤፍ አይ ኤ ራሱ መሰከረ። ቡድኑ ሳያስገባ የቀረው የወጪ ዝርዝር ውስጥ የሠራተኞች የምግብ አገልግሎት፣ አሠሪው የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ የተለማማጆች ቀረጥ፣ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ዕቃዎች ይገኛሉ። ቅጣቱ 7 ሚሊዮን ዶላርና በንፋስ ዋሻና በኮምፒዩተር የሚደረግ የኤሮዳይናሚክስ ሙከራ ላይ የአንድ ዓመት የ10 በመቶ ቅነሳ ሆነ።

2021 ደግሞ ተራ ዓመት አልነበረም። የሬድ ቡሉ ቨርስታፐንና የመርሴዲሱ ሃሚልተን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነው ወደ መጨረሻዋ አቡ ዳቢ የገቡት፤ ዋንጫው የተወሰነው በመጨረሻው ዙር ነው። እንዲህ ባለ ዓመት 0.37 በመቶም ቢሆን ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የማክላረኑ ዛክ ብራውን ለኤፍ አይ ኤ በጻፈው ደብዳቤ ጣሪያውን ማለፍ ማጭበርበር ነው ብሎ ጠራው። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ በመጀመሪያው ዓመት የአዲስ ሕግ አንቀጽ ተሳስቶ መተርጎም ይኖራል። ቅጣቱ ግን ደካማ ነበር። በ2023 ሬድ ቡል ያን የሙከራ ቅነሳ ተሸክሞ ከ22 ውድድሮች 21ዱን አሸነፈ። ገንዘብ ከተረፈው ሰው ላይ የገንዘብ መቀጮ መውሰድ ምንም አያስተምረውም። ጣሪያው የስፖርት ሕግ ከሆነ ቅጣቱም በነጥብ መሆን አለበት፤ ደንቡ የነጥብ ቅነሳን ይፈቅዳል፤ የጎደለው ድፍረት ነው።

ተቃዋሚዎችን በቅን ልቦና መስማት ይገባል። አንዱ መከራከሪያ ይህ ስፖርት የመሐንዲሶች የጥበብ ሜዳ ነውና ጥበብ አይገደብም የሚል ነው። ይህን አልቀበልም። መኪናዋ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ክብደቷም፣ ስፋቷም፣ ነዳጇም ሲገደብ ኖሯል፤ ለጥበብ ቦታ የሚሰጠው ገደቡ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ያሳስበኛል። ጣሪያው ሲወርድ ሀብታሞቹ ፋብሪካቸውን ሠርተው ጨርሰዋል። ዊሊያምስን ውሰዱ። የቤተሰቡ ቡድን በ2020 ለአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ ተሸጠ። ጄምስ ቮውልስ በ2023 ከመርሴዲስ መጥቶ ኃላፊነቱን ሲረከብ 20,000 ገደማ የሚሆኑ የመኪናዋ ክፍሎች በአንድ የኤክሴል ሰነድ ተመዝግበው አገኛቸው። አንድ ክፍል የት ደረሰ፣ ስንት ያስወጣል፣ መቼ ያልቃል ብሎ ለማወቅ ሰው በእግሩ ፋብሪካውን መዞር ነበረበት። ይህን ለማስተካከል መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል፤ የመሣሪያ መግዣውም በጣሪያ ተገድቧል። ቮውልስ ጮኸ፤ ኤፍ አይ ኤም በዚያው ዓመት ወደ ኋላ ለቀሩት ቡድኖች የተወሰነ ፈቃድ ሰጠ። ትክክለኛ እርምት ነበር። ማክላረንም ለዓመታት ሲከራይ የኖረው ያንን የቶዮታን የኮሎኝ ዋሻ ነበር፤ በ2023 የራሱን ወኪንግ ላይ ሠራ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኋላ ቀርቶ የነበረ ቡድን በ2024 ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያውን የአምራቾች ዋንጫ አነሣ፤ በ2025 ደገመው። በ2024 ሰባት ነጂዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ጊዜ አሸነፉ፤ እንዲህ ያለ ዓመት ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ጣሪያው ብቻ አደረገው አልልም፤ የ2022 የቴክኒክ ደንብ አለ፤ ውጤቱ ዝቅ ላለ ቡድን ብዙ የሙከራ ሰዓት የሚሰጠው ሥርዓት አለ። ግን ያለ ጣሪያው ይሆን ነበር ብዬም አላምንም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ከጣሪያው ውጭ የቀሩትን አስታውሱ፤ ሁለቱ ነጂዎችና ሦስቱ ከፍተኛ ተከፋዮች። ከውስጥ የቀሩትስ? ሌሎቹ ሁሉ ናቸው፤ ካርቦን የሚያነጥፈው፣ ማርሽ ሳጥን የሚገጥመው፣ የጎማ መፍቻ ይዞ የሚንበረከከው፣ ፋብሪካ ውስጥ ቁጥር የሚያጠናው። የነሱ ደመወዝ ከፊት ክንፍ ወጪ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ነው። አለቃ አንድ ሚሊዮን ዶላር በእጁ ይዞ ሲያስብ፣ ለሠራተኛ ጭማሪ ቢሰጥ መኪናዋ ትዘገያለች፤ ለመኪናዋ ቢያውል ሠራተኛው ይጎዳል። መኪናዋ ሁልጊዜ የምታሸንፍበትን ፍርድ ደንቡ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጠው።

በ2022 ይህ በግልጽ ታየ። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ማግስት ነበርና የኃይልና የምግብ ዋጋ ናረ። ከቡድኖቹ አብዛኞቹ እንግሊዝ ውስጥ ናቸው፤ ብራክሊ፣ ሚልተን ኪንስ፣ ወኪንግ፣ ግሮቭ፣ ኤንስቶን፣ ሲልቨርስቶን። በዚያች አገር የዋጋ ንረቱ በኦክቶበር 11.1 በመቶ ደረሰ። ለጣሪያው በዚያ ዓመት የተፈቀደው ጭማሪ 3.1 በመቶ ነው። ልዩነቱን ማን ተሸከመው? ነጂው አይደለም፤ የሱ ክፍያ ከጣሪያ ውጭ ነው። ሥራ አስኪያጁም አይደለም። ብሎን የሚያጠብቀው ሰው ነው።

ያ ሰው እንዴት እንደሚኖር አስቡ። የውድድሩ ቁጥር በ2024 24 ደርሷል። ኖቬምበር ላይ ላስ ቬጋስ ሌሊት ይሠራል፤ በሳምንቱ ኳታር፣ በሚቀጥለው ሳምንት አቡ ዳቢ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰዓት ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። ቅዳሜ ነጂው መኪናውን ከግድግዳ ካጋጨ እስከ እሑድ ጠዋት አዲስ ሻሲ ላይ ማርሽ ሳጥኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን አንድ በአንድ ይገጥማል። ፎቶው ላይ የለም፤ ሲሸነፉ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ጣሪያው ሲመጣም ትልልቆቹ ቡድኖች ሰው መቀነስ ወይም ማዛወር ግድ ሆነባቸው። መርሴዲስ መሐንዲሶቹን ለአሜሪካ ዋንጫ የሸራ ጀልባ ውድድር ሥራ አዋለ፤ ሬድ ቡል ወደ ውድ መኪና ሥራ መራቸው፤ ፌራሪ ከፊሎቹን ማራኔሎ ላይ ለሃስ ቡድን ሰጠ። ያልተረፉትም አሉ።

ገንዘቡስ ወዴት ሄደ? ከክፍያው የተረፈው ከባለቤቶቹ ዘንድ ነው። ወጪው የታወቀ ቡድን ትርፉም የታወቀ ነው፤ ገዥ ያገኛል። በ2018 ፎርስ ኢንዲያ ሲከስር ሎውረንስ ስትሮልና ሸሪኮቹ በ90 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። በ2023 የአልፒን 24 በመቶ ድርሻ ብቻውን በ200 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። በ2025 የመርሴዲስ ቡድን ዋጋ ስድስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። በዚህ ሀብት አልቀናም፤ ባለቤት ሲያተርፍ ቡድን አይዘጋምና ሌላ ማኖር አናይም። ግን ጣሪያው የስፖርቱን ጤና ለመጠበቅ ተብሎ ከመጣ፣ ዋጋውን ወዝ አፍሳሹ ከፍሎ ፍሬውን ባለ አክሲዮን ብቻ ሊለቅም አይገባም።

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ ደመወዝን ከጣሪያ ብናወጣ ሀብታሙ ሁሉንም መሐንዲስ በደመወዝ ይገዛል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይውጣ አልልም። የምለው ይህ ነው፤ ነጂዎቹና ሦስቱ ከፍተኛ ተከፋዮች ውስጥ ይግቡ፤ የዝቅተኛውና የመካከለኛው ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ሠራተኛው በሚኖርበት አገር የዋጋ ንረት ልክ በየዓመቱ በራሱ ይስተካከል፤ ያ ጭማሪ ለክንፍ እንዳይውል በሂሳቡ ላይ ተለይቶ ይያዝ። ከባድ ነው የሚለኝ ካለ ደንቡን ያንብብ። የወሊድ ፈቃድና የረጅም ሕመም ክፍያ ገና ከመነሻው ከጣሪያው ውጭ ተደርጓል። የ2026 ጣሪያ ብዙ አዳዲስ ወጪዎችን አካትቶ ወደ 215 ሚሊዮን ዶላር ሲያድግ፣ ደመወዝ ውድ በሆነበት በስዊዘርላንድ ሂንዊል ለሚሠራው ቡድን፣ ለቀድሞው ሳውበር ለዛሬው አውዲ፣ የተለየ የደመወዝ ማስተካከያ ተሠርቶለታል። የሂንዊልን መካኒክ ደመወዝ ከሚልተን ኪንስ መካኒክ ደመወዝ ለይቶ ማስላት የቻለ ቢሮ፣ የሁለቱን ሰዎች ደመወዝ ከአለቆቻቸው ደመወዝ ለይቶ ማስላት አያቅተውም። የሚቀጥለው የደንብ ድርድር ሲከፈት በአጀንዳው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ይህ ነው። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።